ሌክ ፎርክ ላይ ትንሹን ባስ ይዞ መሄድ ሐይቁን ይጎዳል?

የጋርላንዱ፦
ሰላም ወገኖች። ዳላስ አካባቢ አሳ የምታጠምዱ ካላችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ቅዳሜ ሌክ ፎርክ ሄጄ ባስ ከሚባለው አሳ ሦስት ያዝኩ፤ ሦስቱም ከ16 ኢንች በታች ናቸው። ኩለር ውስጥ ከትቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ ጀልባ የሚወርድበት ቦታ ላይ አንድ ሰውዬ "የነገውን ትልቅ አሳ ነው የገደልከው" ብሎ ተቆጣኝ። ፈቃድ አለኝ፣ ደንቡንም አንብቤያለሁ። ግን የደንቡ ምክንያት አልገባኝም። በአብዛኛው የቴክሳስ ሐይቅ ከ14 ኢንች በታች የሆነውን ባስ መልሱ ነው የሚባለው። እዚህ ደግሞ ትንሹን ውሰዱ፣ ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለውን መልሱ ይላል። እንዴት ነው ነገሩ? እኔ የማጠምደው ለመብላት ነው፣ ቤት ልጆች አሉ። ሐይቁን የምጎዳ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።

ባለ ጀልባው፦
ወንድሜ፣ ምንም አላጠፋህም። ሰውዬው ነው የተሳሳተው።

ሌክ ፎርክ ወደ 27 ሺህ ኤከር የሚጠጋ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከመጀመሪያው የፍሎሪዳ ባስ ተለቆበታል፤ ይሄ ዝርያ በጣም ይተልቃል። እስከ ዛሬ ያልተሰበረው የቴክሳስ ሪከርድ፣ 18.18 ፓውንድ የሚመዝነው ባስ፣ በ1992 እዚሁ ነው የተያዘው። ደንቡ የተቀረጸው እንዲህ ያለ አሳ እንዲበዛ ነው። ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለው መሃለኛው "ስሎት" ይባላል፣ እሱ አይነካም። ከ16 በታች ያለው ግን እንዲቀነስ ይፈለጋል፤ ምክንያቱም ምግቡ አንድ ነው፣ ተመጋቢው በበዛ ቁጥር ሁሉም ሳያድግ ይቀራል። ከትንንሾቹ የተረፉት በደንብ በልተው ቶሎ ስሎቱ ውስጥ ይገባሉ፣ እዚያ ደግሞ ሕጉ ይጠብቃቸዋል።

የጫሞ ልጅ፦
ይቅርታ፣ ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አርባ ምንጭ ነው ያደግሁት። ጫሞ ላይ ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ አሳ እንዴት እንደተመናመነ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀዳዳው በጠባብ መረብ ገና አንዴ እንኳ ሳይራባ ጠርገው አወጡት። ድሮ ሰው የሚያህል ይወጣበት ከነበረ ሐይቅ ትንንሹን መልቀም ተጀመረ። ትንሹን አትንኩ ብለን ነው ያደግነው፣ እውነትም ነው። አሜሪካ ሲደርስ የሚገለበጥበት ምክንያት ምንድነው?

ሰላማዊት፦
የጫሞ ልጅ፣ ስለ ጫሞ ያልከው ልክ ነው፣ እኔም የተማርኩት በአሳ ሀብት ስለሆነ የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ነው። ግን ሁለቱ ሐይቆች ችግራቸው ለየቅል ነው።

ጫሞ ላይ የጠፋው ተተኪው ነው። መረብ መርጦ አያወጣም፣ ሌት ተቀን ውኃ ውስጥ ነው፣ ኑሮውም የተመሠረተው በዚያ ላይ ነው። እናቶቹም ልጆቹም ሲያልቁ የሚወልድ አይኖርም። እንዲህ ባለ ቦታ ትንሹን መጠበቅ ግድ ነው።

ፎርክ ላይ ግን ባስ የሚያዘው በመንጠቆ ብቻ ነው፣ አንድ ሰው በቀን ከአምስት በላይ ይዞ መሄድ አይችልም፣ አብዛኛው አጥማጅ ደግሞ የያዘውን ሁሉ መልሶ ይለቃል። አንዲት ሴት ባስ በአንድ ወቅት በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፣ ወንዱ ጎጆውን እየጠበቀ ያስፈለፍላል። ስለዚህ የተተኪ እጥረት የለም፤ የሚያጥረው ሻድና ብሉጊል ነው፣ ማለትም ባስ የሚበላው ትንንሽ አሳ። ባስ የተጨናነቀበት ውኃ ስትሄድ በእጅህ ይዘህ ታውቀዋለህ። ራሱ ትልቅ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ ጀርባው የሳሳ ይሆናል። ርዝመቱ 12 ኢንች ሆኖ ዕድሜው ግን የገፋ ሊሆን ይችላል። እሱን መልሰህ ብትለቀው ትልቅ አሳ አይሆንልህም።

ደንቡን የሚያሰናክለውም ትንሹን የሚወስድ ሰው መጥፋቱ ነው። ስሎት የሚሠራው ከሥር ያለው ሲቀነስ ብቻ ነው። ሁሉም "ልልቀቀው" ካለ ወረቀት ላይ ይቀራል። የጋርላንዱ፣ አንተ ሦስት መውሰድህ ለዚያ ትልቅ ሐይቅ ምንም ባይሆንም ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረግከው።

የሃና እናት፦
ለልጆች ከሆነ ትንሹ ባስ ይሻላል፣ ይሄን ማንም አልነገረህም። ትልቅና አዳኝ የሆነ አሳ ሜርኩሪ የሚባለውን መርዛማ ነገር ያጠራቅማል። ካዶ ሌክ ላይ ለምሳሌ የቴክሳስ ጤና መሥሪያ ቤት በላርጅማውዝ ባስ፣ ማለትም በዚሁ በምናወራው ባስ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሌላ ሐይቅ ስትሄዱም መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መኖሩን እዩ። በተረፈ 13፣ 14 ኢንቹን በደንብ አጥንቱን አውጥተህ ኮተሌት አድርገው፣ ልጆቹ ጣታቸውን ነው የሚቆረጥሙት። ዱለት ከፈለግክ አምባዛና ቆሮሶ ላይ የለመድከው ቅመም ይሠራል።

ሹፌሩ፦
ምክንያቱን ነግረውሃል፣ እኔ እንዳትቀጣ ልንገርህ። ስትለካ አሳውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድመው፣ አፉን ዝጋ፣ ጅራቱን ሰብስበህ ያዝ፤ ረጅሙ ልክ ነው የሚቆጠረው። ጅራቱን ዘርግተህ ለክተህ 15 ተኩል ያልከው ስትሰበስበው ከ16 ሊያልፍ ይችላል፣ ጌም ዋርደኑ፣ ማለትም የአሳና የአደን ሕግ አስከባሪው፣ የሚለካው ደግሞ ሰብስቦ ነው። 24 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ በቀን አንድ ብቻ። ራስና ጅራት ሐይቁ ላይ እያለህ አትቁረጥ። ጀልባ ካለህ ስትወጣ ውኃውን በሙሉ አፍስስ፣ ዜብራ መስል የሚባለው ቀንድ አውጣ መሰል ነገር እንዳይዛመት ከ2014 ጀምሮ በመላው ቴክሳስ ግዴታ ነው።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ከፎርክ የያዝከውን 13 ኢንች ባስ ኩለር ውስጥ ይዘህ መንገድ ላይ ሌላ ሐይቅ ቆመህ እንዳታጠምድ። እዚያ ወሰኑ 14 ከሆነ ከየት እንዳመጣኸው ማስረዳት ጣጣ ነው። ደንቡ በየሐይቁ ይለያያል፣ በየዓመቱም ሴፕቴምበር 1 ላይ ሊቀየር ይችላል፣ ያምናውን ይዘህ አትሂድ።

የጋርላንዱ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እትዬ የሃና እናት፣ ኮተሌቱን ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ልክ 16 ላይ ያረፈውስ?

ሹፌሩ፦
16 ራሱ ይፈቀዳል፣ ካለፈ ነው የማይፈቀደው። እኔ ግን እንደዚያ መስመሩን የነካውን እለቀዋለሁ። ኩለር ውስጥ ባሉት ላይ መከራከር አልፈልግም፣ ደግሞም እሱ ስሎቱ ውስጥ ሊገባ ጫፍ ላይ ነው።