ጥቆማ፦ ባለቀዳዳ አንግል ለሼልፍና ለመሥሪያ ጠረጴዛ፣ ከየት ልግዛ ለምትሉ

ወረዳ መዝገብ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ፋይሉ የተደረደረበትን ግራጫ ሼልፍ አስታውሱት። እግሩ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ዛሬ የምጠቁማችሁ ያንን በL ቅርጽ የታጠፈ ብረት፣ ባለቀዳዳ አንግሉን ነው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሥራ አይጠፋም። ቦታው ግን ጠባብ ነው፤ ኪራይ ስለሆነም በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ገብቶ ያየ ሰው ሁሉ «ይቺን ሼልፍ የት አሠራሃት?» ይለኛል። ስለዚህ የሞከርኩትን ሁሉ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሰፈር በያጅ ነበር የሠራልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ብየዳው እስከ ዛሬ አልተላቀቀም። ጣጣው የመጣው ቤት ስቀይር ነው። ሼልፉ በሩን አልፎ ኮሪደሩ ላይ አልዞር አለ። ጫኝና አውራጆቹም ግዝፈቱን አይተው ዋጋ ጨመሩ። በመጨረሻ በግራይንደር ለሁለት ተቆርጦ ገባ። መልሶ ለማስበየድ ደግሞ መብራት እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ፓምፖቹ ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ተደርድረው ደንበኛ እየተራመዳቸው ነበር የሚገባው።

ባለቀዳዳ አንግል የተፈጠረውም ከእንዲህ ዓይነት ችግር ነው። ለንደን ውስጥ ማተሚያ ቤት የነበረው ዴሜትሪየስ ኮሚኖ የሚባል መሐንዲስ፣ መደርደሪያ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ማሠራት ሰለቸው። ተፈትቶ በሌላ መልክ የሚታሰር ብረት አሰበና በፈረንጆች 1947 ዴክሲየን በሚል ስም ገበያ ላይ አወጣው። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራው የዚያው ዘር ነው። ብየዳ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም። ባለ 8 ሚሊ ብሎንና 13 ቁጥር ቁልፍ ካላችሁ ይበቃል።

ወደ ግዢው ልምጣ። የብር ቁጥር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብረት ዋጋ ዛሬ የጠየቃችሁት ነገ ላይሆን ይችላል።

የእኔ ምርጫ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ከተዘጋ ሱቅና መጋዘን የተፈታ አሮጌ ሼልፍ ይገኛል። ከቱሉ ዲምቱ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ግን የድሮው ብረት ወፍራም ነው። ጠዋት ሂዱና ሳትቸኩሉ አገላብጣችሁ ምረጡ። እኔ እያንዳንዱን ዘንግ ወደ ዓይኔ አስጠግቼ እንደ ጠመንጃ አነጣጥርበታለሁ። የተጣመመ ከሆነ ወዲያው ይታያል። ቀለሙ ቢላላጥ ግድ የለም፣ በብረት ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባል። ቀዳዳው በዝገት የሰፋውን ግን ተዉት፣ ብሎን አይዝላችሁም። በኪሎ ከሸጡላችሁ ይህን ያዙ፦ 40 በ40 ሆኖ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ አንግል፣ ቀዳዳው ተቀንሶ፣ ሜትሩ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚያ በጣም ካነሰ ብረቱ ሳስቷል ማለት ነው።

ብሎኑን ግን አሮጌ አትግዙ። ጥርሱ የተበላ ብሎን ጊዜያችሁን ይበላዋል። አዲስ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው ውሰዱ። ባለ አምስት መደብ ሼልፍ፣ በየመደቡ ስምንት ስምንት ቢያዝ 40 ይፈልጋል። ለማጠናከሪያውና ለሚጠፋው ጨምራችሁ 50 ያዙ።

አዲስ፣ ተሟልቶ የሚሸጥ ሼልፍም አለ። ከነብሎኑ ይመጣል፣ ቀለሙ ያምራል፣ መልካም ነው። ውፍረቱን ሳታዩ ግን እንዳትከፍሉ። ለእማዬ አንድ ገዝቼላት ነበር፤ ሱቁን አልጠራም። ክረምት ላይ ወለሉ ስለሚረጥብ ጤፏን ከመሬት ላንሳላት ብዬ ነው። ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት ሦስተኛው መደብ ላይ አስቀመጥን። በሳምንቱ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ሼልፉ ሆዱ ወረደ» አለችኝ። ሄጄ ሳየው ላሜራው መሃሉ ላይ እንደ ሳፋ ጎድጉዷል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ከሥሩ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ቁራጭ አንግል አሰርኩበት። ጤፉንም ወደ ታችኛው መደብ አወረድነው። አሁን ደህና ነው። ከባድ ዕቃ ሁልጊዜ ታች ይሁን። ለልብስ፣ ለመጽሐፍ፣ ለሱቅ ሸቀጥ ከሆነ ግን አዲሱ ስስም ቢሆን ይበቃችኋል።

ቃሊቲ መንገድ ዳር ካሉት ብረት ቤቶች ባለ 6 ሜትር ደፍን አንግል ገዝቶ ራስ መብሳትም ይቻላል። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሃያ ቀዳዳ በትራፓኖ ከበሳሁ በኋላ ተውኩት። ትንሽ ነገር ለመሥራት ካልሆነ አልመክርም።

እንጨትስ ለምትሉ፣ እኛ ጋ ግንባታ አይቋረጥም። የፎርም ወርክ ጣውላ በርካሽ ይገኛል። ለእግር ሳይሆን ለመደብና ለጠረጴዛ ፊት ተጠቀሙበት። ሚስማሩን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ሲሚንቶውን ፋቁ። እግሩ ብረት ከሆነ ምስጥም ከመሬት ተነስቶ በቀላሉ አይወጣበትም።

ባለ 3 ሜትር ዘንግ አራት ካገኛችሁ እንዲህ ቁረጡት። ከእያንዳንዱ 1.80 ለሼልፉ እግር ይሁን። ከቀረው 1.20 ላይ 90 ሴንቲው የመሥሪያ ጠረጴዛ እግር ይሆናል። 30 ሴንቲዋን ቁራጭ አትጣሏት፣ ለማዕዘን ማጠናከሪያ ትገባለች። በሲጌቶ ስትቆርጡ ቀዳዳው ላይ ሳይሆን በሁለት ቀዳዳ መካከል ይሁን። አራቱም እግር ከጫፍ እስከ መጀመሪያው ቀዳዳ እኩል ካልሆነ መደቡ ይንጋደዳል። ጫፉን በሊማ ሞርዱት፤ ያልተሞረደ ጫፍ እጅ ይቆርጣል።

ስታስሩ ብሎኑን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ ከጀርባ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትር ለኩ። ሁለቱ ልኬት እኩል እስኪሆን ገፋ ገፋ አድርጉትና በቁልፍ አጥብቁ። በየማዕዘኑ የሚገባውን ሦስት ማዕዘን ሳህን አትዝለሉ። ከጀርባም አንድ ሰያፍ ብረት እሰሩ። እኔ ያለ ሰያፍ የሠራሁት ሼልፍ ፓምፕ ባነሳሁበት ቁጥር እንደ ሰካራም ይወዛወዝ ነበር። ሰያፉን ካሰርኩ በኋላ ቆመ።

ለጠረጴዛው ደግሞ ሁለት አንግል ጀርባ ለጀርባ አጋጥማችሁ ብታስሩ እግሩ በጣም ይጠነክራል። ሞርሳ የምታስሩበትና በመዶሻ የምትመቱበት ጠረጴዛ ከሆነ ግን እውነቱን ልናገር፣ ብየዳ ይሻላል። ምት ብሎን ያላላል። የእኔ ሞርሳ ያ ጎበዝ በያጅ በሠራው አጭር ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ እሱ ጠረጴዛ በየትኛውም በር ይገባል።

አንድ ነገር አደራ። ሼልፉን ከግድግዳ ጋር እሰሩት። ታኅሣሥ 2017 ከፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባም ተሰምቶ ነበር። ያን ሌሊት ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ያልታሰረ ሼልፍ ነበር። ምንም አልወደቀም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን በማግስቱ ሁሉንም አሰርኩ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር በደንብ አይዝበትም። ከተቻለ ኮንክሪት ኮለኑ ላይ እሰሩት።

ሦስት ማዕዘኗን ሳህን ለብቻዋ የሚሸጥ ሰው በገላን ወይም በኮዬ ፈጬ በኩል የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። እኔ እስካሁን ለእሷ ስል መርካቶ ድረስ እመላለሳለሁ።