ጆኒ ካሽን ከየትኛው አልበም ልጀምር?

ሰላም ወገን። አባቴ ታክሲ ውስጥ የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ካሴት አይጠፋም ነበር። አሜሪካዊውን የካንትሪ ዘፋኝ ጆኒ ካሽን ግን ገና አሁን ነው የሰማሁት። በፈረንጆቹ 1968 ፎልሰም እስር ቤት የቀዳው ይቅደም ወይስ የ1969ኙ የሳን ኩዌንቲን እስር ቤት?

— ፎልሰም እንጂ! የእስረኞቹ ጩኸትና ሳቅ፣ በመሃል የሚገባው የእስር ቤቱ ማስታወቂያ... ስቱዲዮ ውስጥ ይሄ የለም።

— እኔ ሳን ኩዌንቲን እላለሁ። ስለ እስር ቤቱ የጻፈውን ዘፈን እስረኞቹ እዚያው ሁለቴ አዘፍነውታል።

— የምኖረው የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ በምትባለው ናሽቪል፣ አሜሪካ ነው። ራይማን አዳራሽ ኮንሰርት ገብቼ ነበር። በ1892 ለወንጌል ስብከት የተሠራ ቤት ነው፤ መቀመጫው ዛሬም የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ነው። ወገቤ ተቆረጠ! ግን ቫዮሊኑ ብቻውን ሲጀምር ማሲንቆ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩት ፈረንጅ እማማ መሐረብ ሰጡኝ።

— በሉ ፎልሰምን ከፈትኩ። ናሽቪል ስመጣ ትራስ እይዛለሁ።