ሚስቱ የሞተችበት ተጫዋች፦ ፍቅሩን መቼ ላስጀምረው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ላይ የሚያጠነጥን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ሰውዬው የአማካይ ተጫዋች ነው፣ ሚስቱ ሞታበት የስድስት ዓመት ሴት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ሴቷ የክለቡ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ጉዳቱ፣ ልምምዱ፣ ጣና ዳር የሚሄዱት ወክ ጥሩ መጥቶልኛል፤ ግን ፍቅሩን ከሙት ዓመቱ በፊት ካስጀመርኩት አንባቢ «አፈሯ ሳይደርቅ!» ብሎ መጽሐፉን የሚወረውርብኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሜቱን አትሽሺው፣ ታሪኩ እኮ እሱ ነው። አርባው ላይ ፊዚዮዋ ድንኳን ውስጥ ገብታ ከዕድርተኞቹ ጋር ወጥ ስታቀርብ፣ የሟቿ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ዝም ብለው ይዩዋት። ፍቅሩ ከዓመት በኋላ ቢመጣም ያቺ እይታ ትከተላቸዋለች።

መልስ፦ ልጅቷንስ ማን ይይዛታል? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች እንደ ሐዋሳና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች እየተሰባሰቡ ነው የሚጫወቱት፣ ስለዚህ ሰውዬው ለሳምንታት ሆቴል ነው፣ ልጅቷ አያቷ ጋ። ማታ ደውላ «አባዬ፣ እማማ ሹሩባዬን አጥብቀው ሠሩኝ፣ አመመኝ» ትበለው። እኔ እዚህ ጋ ነው የማለቅሰው።

መልስ፦ ብቻ በ90ኛው ደቂቃ ጎል አግብቶ ሐዘኑ ብን እንዳይል፣ በናትሽ!

ጠያቂ፦ አማትየዋ መጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ አልነበሩም፣ ዛሬውኑ ላስገባቸው ነው። ጎሏን ግን አልተዋትም 😂 ከፈለጋችሁ ኦፍሳይድ ትባል።