ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ሰው የዓይን ሞራ የት ይገፈፍ?

እናት ወይም አባት በዓይን ሞራ ግርዶሽ ማየት ሲያቅታቸው፣ በአቅራቢያ የዓይን ሐኪም ከሌለ አማራጩ ጥቂት ነው። ከጥቂቱም መምረጥ ግን የግድ ነው። የእኔን ጥቆማ አስቀድሜ ልናገር፦ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመምተኛውን ተከታትሎ የሚያይ ቡድን ይሻላል። የመሣሪያው ዘመናዊነት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ልትርቋቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። ሞራ ያሟሟል ተብሎ የሚሸጥ ጠብታ አትግዙ። እንደሚሠራ የተረጋገጠ ጠብታ የለም። በመርፌ ሞራ የሚገፉ ሰዎች ዘንድም አትሂዱ። መርፌው ሞራ የሆነውን፣ ማለትም የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አያወጣም፣ ወደ ዓይን ውስጥ ይገፋዋል እንጂ። ሰውየው ለጊዜው ብርሃን ያይና ይደሰታል። ከዚያ ኢንፌክሽን ወይም የዓይን ግፊት ይመጣና ዓይኑ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ በትክክል ቢታከም ማየት የሚችል ዓይን ነበርና።

«ፋኮ (ሞራውን በድምፅ ሞገድ በሚሰባብር ማሽን የሚሠራ ቀዶ ጥገና) የሌለበት ቦታ አልታከምም» የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ይህን ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። በኔፓል የዓይን ሐኪሙ ዶክተር ሳንዱክ ሩይትና ባልደረቦቻቸው ፋኮንና ያለ ማሽን በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራውን ቀዶ ጥገና አነጻጽረው ውጤቱን በ2007 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከ6 ወር በኋላ ያለ መነጽር 20/60 (ጤነኛ ዓይን ከ60 ጫማ ርቀት የሚለየውን ከ20 ጫማ መለየት) ወይም ከዚያ የተሻለ ያዩት በማሽን አልባው 89 በመቶ፣ በፋኮ 85 በመቶ ነበሩ። በማሽን አልባው አንድ ዓይን በአማካይ 9 ደቂቃ ገደማ ሲወስድ፣ በፋኮ 15 ደቂቃ ተኩል ያህል ወስዷል። ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ሞራው ከደደረ በኋላ ነው። ለደደረ ሞራ ማሽን አልባው በጣም ይመቻል።

በሞራው ምትክ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በተመለከተ፣ የሚታጠፍ ነው ወይስ የማይታጠፍ ብላችሁ አትጨነቁ። ይልቅ «የሌንሱን ቁጥር የምትመርጡት ዓይኑን ለክታችሁ ነው?» በሉ። ሳይለካ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ከገባ፣ ቀዶ ጥገናው ሰምሮም እይታው ብዥ ሊል ይችላል። በኋላ መነጽር የሚሰጥ መሆኑንም ጠይቁ።

የዘመቻ ሕክምና ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ቡድን እዚያው መንደር ውስጥ ቀዶ ጥገና ይሠራል። ሌላው መንደር ድረስ መጥቶ ይመረምርና ሕመምተኛውን በመኪና ሆስፒታል ወስዶ፣ አክሞ ይመልሳል። በ1976 እ.ኤ.አ. ማዱራይ ላይ የተመሠረተው የሕንዱ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል የታወቀው በዚህ አሠራር ነው። መንገድ ካለ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ንጽሕና የተጠበቀ ነው፤ ችግር ሲፈጠርም ሐኪሙ እዚያው አለ። መንገድ ከሌለ ግን መንደር የመጣውን ቡድን አትግፉት። «እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ማን ያየዋል?» ብላችሁ የሰው ስምና ስልክ ተቀበሉ።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ዓይኑ እየባሰ ከታመመ፣ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም እይታው ከቀነሰ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቀስ እያለ ብዥ ካለ ግን ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ኋላ ያለው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ነው። በሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴቶች ይህን ሕክምና ከወንዶች ያነሰ ያገኛሉ። ወጪውና አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣት ያስቀራቸዋል። ስለዚህ የቡድኑ መምጫ ቀን ሲነገር፣ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን ማን ይዟቸው እንደሚሄድ ያኔውኑ ወስኑ።