ዲስኩ ሞልቷል ይለኛል፣ የሞላበትን ነገር ግን ላገኘው አልቻልኩም

ከሽምብጥ፦
እንደምን ዋላችሁ። ሥራዬ ሰርግ ማንሳት ነው፣ ባሕር ዳር። ቤት ውስጥ ከቲቪው ሥር ኡቡንቱ የጫንኩበት አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ሲስተሙ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ፎቶው በዩኤስቢ የተሰካ 2 ቴራ ኤክስተርናል ላይ። ፋይል የሚያጋሩልኝ ሳምባና ፋይል ብራውዘር በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለየብቻ ክፍል በሚያስኬደው) ይሠራሉ፣ ሁለቱም የሚያዩት ኤክስተርናሉ ማውንት የሚደረግበትን (የሚከፈትበትን) "ፎቶ" የሚባል ፎልደር ነው።

እሁድ ሌሊት መብራት ሄዶ ንጋት ላይ መጣ። ማሽኑ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ሰኞ የእሁዱን ሰርግ ከካርድ ወደ ሰርቨሩ ስገለብጥ፣ ሁለት ቪዲዮ ሲቀረኝ "ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ" (ዲስኩ ላይ ቦታ የለም) ብሎ ቆመ። ኤክስተርናሉ ግማሹም አልሞላ! ሁለቱን ቪዲዮ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጬ ካርዶቹን ለማክሰኞ ሰርግ ፎርማት አደረግኋቸው (ጥር ነው፣ ፋታ የለም)። ከዚያ ኮንቴይነሮቹን ሪስታርት ሳደርግ የድሮ ሰርጎች ሁሉ አሉ፣ የእሁዱ የለም።

ዶከር የማይጠቀምበትን የሚያጸዳው ዶከር ሲስተም ፕሩን 2 ጊጋ ብቻ አስለቀቀ። አሁን ኤስኤስዲውን በዲኤፍ (የዲስኩን ጠቅላላ የተያዘ ቦታ በሚያሳየው) ሳየው ከ110 ጊጋ 102 ተይዟል ይላል፤ የሚያገኛቸውን ፋይሎች በሚደምረው በዲዩ ስቆጥር 34። 68 ጊጋው የት ገባ? ሙሽሮቹ ሐሙስ ይመጣሉ።

የፔዳው፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሎጉን (ኮንቴይነሮቹ የሚጽፉትን መዝገብ) እይ። ዶከር በዲፎልቱ ለጄሰን ሎግ ገደብ የለውም፤ ዲሞን ዶት ጄሰን (የዶከር ሴቲንግ ፋይል) ላይ ማክስ ሳይዝ ካልሰጠኸው ዲስክ ይበላል። ገደቡ የሚይዘው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ለሚፈጠር ኮንቴይነር ነው። ሁለተኛ፣ የተሰረዘ ግን ፕሮሰስ ያልለቀቀው ፋይል ካለ ዲኤፍ ይቆጥረዋል፣ ዲዩ አያየውም። የተከፈቱ ፋይሎችን በሚዘረዝረው በኤልሶፍ ፈልገው። ፕሩን ላይ ቮልዩምስ (የኮንቴይነር ዳታ ማስቀመጫ) የሚለውን እንዳትጨምር ብቻ አደራ።

ከሽምብጥ፦
ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ። ሎጉ 40 ሜጋ አይሞላም። ኤልሶፍም ምንም አላወጣ። ቮልዩም አልነካሁም።

ጎርጎራ ማዶ፦
አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰኞ ስትገለብጪ የድሮ ሰርጎች ፎልደር ይታይሽ ነበር?

ከሽምብጥ፦
ኧረ! አሁን ስትለኝ ትዝ አለኝ፣ ባዶ ነበር። ዋይፋዩ ተንቀራፎ ነው ብዬ ዝም አልኩት።

ጎርጎራ ማዶ፦
እንግዲያው ፎቶሽ አልጠፋም፣ ኤክስተርናሉ ተኝቶበት ነው። ማውንት ማለት ፎልደር ላይ ዲስክ መደረብ ነው፤ ከሥር የነበረው ፋይል አይሰረዝም፣ አይታይም እንጂ። ዲዩም የማያገኘው ለዚህ ነው። ንጋት ላይ ዩኤስቢው እስኪነቃ ዶከር ቀድሞታል። ኤፍስታብሽ (ማሽኑ ሲነሳ የሚደረቡት ዲስኮች ዝርዝር) ላይ "ኖፌይል" ሳይኖር አይቀርም፤ እሱ ካለ ሲስተሙ ዲስኩን ቆሞ አይጠብቅም። ኮንቴይነሮቹ ባዶውን ፎልደር ይዘው ተነሱ፣ ዲስኩ ኋላ ቢደረብም ሪስታርት እስኪደረጉ የሚያውቁት ያንኑ ባዶውን ነው። ሰርጉ የተጻፈው ኤስኤስዲው ላይ ነው።

አሁን "ሥር" የሚባል ባዶ ፎልደር ፍጠሪና ሩቱን (የኤስኤስዲውን ዋና ፎልደር) በማውንት ባይንድ እሱ ላይ አውጪው። አርባይንድ አይደለም፣ እሱ የተደረበውንም ይዞ ይመጣል። "ሥር" ውስጥ ገብተሽ የ"ፎቶ"ን ፎልደር ክፈቺ። በአርሲንክ (ፋይል መገልበጫ ነው) ወደ ኤክስተርናሉ ገልብጪ፣ አመሳክሪ፣ ሳታመሳክሪ አንድም ፋይል እንዳትሰርዢ።

እንዳይደገም፦ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ዶከር ብለሽ "ዩኒት" በሚለው ሥር "ሪኳየርስማውንትስፎር" የሚለውን መስመር ከነፎልደሩ አድራሻ ጻፊ። ዲስኩ ካልመጣ ዶከርም አይነሳም። እኔ በዚህ ላይ ዲስኩን አንማውንት አድርጌ ባዶውን ፎልደር በቻትር ፕላስ አይ እቆልፈዋለሁ፤ ሩት የሚባለው ዋናው ተጠቃሚም ቢሆን አይጽፍበትም።

የፔዳው፦
ይቅርታ እህቴ። ይሄኛው ለእኔም አልመጣልኝም።

ከሽምብጥ፦
አገኘሁት! 68 ጊጋ፣ ከነፎልደር ስሙ። መጀመሪያ የከፈትኩት የሙሽራዋ እናት ታንኳ ላይ ሲወጡ ነው፣ የነጠላቸው ጫፍ ጣና ውስጥ ገብቶ እሳቸው ይስቃሉ። ኖፌይሉም እንዳልከው አለ፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።

ሁሉንም ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ መስመሩን ጨምሬ፣ ዩኤስቢውን ሆን ብዬ ነቅዬ ማሽኑን አስነሳሁት። ዶከር አልነሳም። እሰይ።