መብራት ሲመለስ ወፍጮው በራሱ ይነሳብናል፤ ምን ላድርግ?

የአዘዞዋ ባለወፍጮ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ አንዲት ወፍጮ ቤት አለችኝ። ከአባቴ የወረስኳት ናት፤ ሞተሯም ማብሪያዋም ከሱ ዘመን ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ለጥምቀት የሚፈጨው ጤፍና ብቅል እስከ በሩ ተደርድሮ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። የለመድነው ነው፤ ማንም አልደነገጠም። እናቶች ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ልጅ «እስኪመጣ ይቺን ቺንጋ ላስተካክላት» ብሎ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለ፤ ቺንጋ ማለቴ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቀበቶ ነው። ማብሪያውን ያወረደ ሰው የለም። ቺንጋውን እንደያዘ መብራት መጣ።

ጣቱ ተርፏል። የሸሚዙ እጅጌ ግን ከክርኑ ጀምሮ ተገንጥሎ ቺንጋው በሚዞርበት ጎማ፣ ፑሊው ላይ ተጠምጥሞ አገኘነው። እናቶቹ «ማርያም አወጣችው» ብለው እልል አሉ። እኔ ጉልበቴ ከድቶኝ መሬት ተቀመጥኩ።

መሸፈኛ የለውም እንዳትሉኝ፣ አለው። በአራት ቡሎን ነው የሚታሰረው። ቺንጋ በላላ ቁጥር መፍታት ማሰሩ ሰለቸንና አሁን ግድግዳ ተደግፎ ድመት ይተኛበታል።

«ሳታጠፉ እንዳትነኩ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። ዱቄት አለበሰው። ከወረቀት የተሻለ ምን አለ? አዲስ ሞተር ግዢ ብቻ አትበሉኝ።

ሽቦና ፌዝ፦
እቴ፣ እንኳን ተረፈላችሁ። ሞተርሽ ምንም አላደረገም፤ ጥፋቱ የማብሪያው ነው። በእጅ ወደ ላይ የሚገፋው ዓይነት አይደል? እሱ መብራት ጠፋ መጣ አያውቅም፤ እንደተገፋ ይቆያል።

ኮንታክተር ያለው ማስነሻ አስገጥሚ። ውስጡ ጥቅል ሽቦ አለ። ኃይል ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ መስመሩን ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋ ይለቀዋል። መብራቱ ቢመለስም አረንጓዴውን ቁልፍ ሰው ካልተጫነው ሞተሩ አይነሳም። ኦቨርሎዱንም አብረሽ አስገጥሚ፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ያጠፋዋል።

ግን አንዱ ቺንጋ ሲያስተካክል ሌላው ሳያይ አረንጓዴውን ቢጫነውስ? ለዚህ ጓጉንቸር ያስፈልጋል። እጅ ከመግባቱ በፊት ዋናው ማብሪያ ይወርዳል፣ ይቆለፋል። ቁልፉ የሚቀመጠው እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ነው። ምስማር ላይ አይንጠለጠልም፣ አንቺም ጋ አይቀመጥም።

ጋሼ ብረቱ፦
የኔ ልጅ፣ አራት ቡሎን ያለው መሸፈኛ የትም ብትሄጂ ግድግዳ ተደግፎ ነው የምታገኚው። በአንድ ጎኑ ማጠፊያ አስበይጂው፣ በሌላው አንድ መቀርቀሪያ። በር እንደመክፈት ይሆንላችኋል። ጣት ከማያሳልፍ ሽቦ ይሠራ፤ ቺንጋው በውጭ ይታያል፣ ለማየት ብላችሁ አትከፍቱትም። ከኋላም ይዘጋ። ነጠላ ነፋስ ወደወሰደው ነው የሚሄደው።

ነጠላ ካነሳሁ አይቀር፣ ጋቢና ሻርፕ የለበሰ ደንበኛ ሞተሩ አጠገብ ምን ይሠራል? አንድ አግዳሚ ብረት አሠሪና ከሱ ወዲህ እንዳያልፉ አድርጊ። የወፍጮውን ድንጋይ ስትወቅሩስ መነጽር ታደርጋላችሁ? ፍንጣሪ ምን እንደሚያደርግ የግራ ዓይኔ ምስክር ነው።

አንቀጽ፦
ሁሉም ጥሩ ብለዋል። ልጁ ግን ስንት ዓመቱ ነው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት 15 ሞልቶት 18 ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ ይባላል፤ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው አደገኛ የሆነ ሥራ ላይ ማሰማራት ክልክል ነው። አንቀጽ 92ንም አንብቢው። ሠራተኛው ሥራው ስላለው አደጋ እንዲያውቅ ማድረግና የመከላከያ ዕቃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። መነጽሩ ከአንቺ ኪስ ነው የሚወጣው።

የአዘዞዋ ባለወፍጮ፦
17 ነው። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው። አኩርፏል። «የሴት ሥራ ሰጠሽኝ» አለኝ። ወፍጮውን ማን ሲያስነሳ እንደኖረ ረስቶታል መሰለኝ።

ኮንታክተሩ ገብቷል። ባለሙያው ዋናውን አጥፍቶ መለሰው፤ ወፍጮው ዝም። አንዷ ደንበኛ «ተበላሸ?» ብላ ጆንያዋን ማንሳት ጀምራ ነበር። መሸፈኛው ብየዳ ላይ ነው፤ ድመቷ ቦታ ቀይራለች።

ጓጉንቸሩን ከቅዳሜ ገበያ ገዛሁት። ትናንት ማታ ቺንጋ አጥብቄ፣ ቁልፉን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ እንደያዝኩ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ሌላ ቀሚስ ለብሼ መጣሁ። ቤት ደርሼ እስክመለስ ሰልፉ መንገድ ዘግቶ፣ የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ሽቦና ፌዝ፦
ሁለተኛውን ቁልፍ የት አስቀመጥሽው?

የአዘዞዋ ባለወፍጮ፦
ከመጀመሪያው ጋር፣ በአንድ ቀለበት።