አስቸኳይ፦ የሠራሁት የአለት ግድግዳ ተላቆ ተንሳፈፈ፤ ዓሣዎቼ እየሞቱብኝ ነው

የሽምብጡ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ለኮራል ገንዳ የሚሠራውን ዓይነት የአለት ግድግዳ በነጭ ፎምና በሲሚንቶ ሠርቼ ከኋላው መስታወት ላይ በሲሊኮን ለጥፌው ነበር። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ተላቆ ተንሳፏል። ውኃው ነጭ ሆኗል፤ ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አንዱ በጎኑ ተጋድሟል። ግድግዳውን መልሼ የምለጥፍበት ጠንካራ ማጣበቂያ የቱ ነው?

ታንኳ፦ ውኃውን ቀይር።

ግንበኛው፦ ገንዳው ምን ያህል ነው? ምን ዓሣ ነው ያለበት? ሲሚንቶው ከተለሰነ ስንት ቀኑ ነው? ውኃ አጠጥተኸዋል?

መምህሯ፦ ወንድሜ፣ ኮራል እኮ ድንጋይ ሳይሆን እንስሳ ነው። ሞቃትና ጨዋማ ባሕር ይፈልጋል። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ፒኤቹም (የአሲድነትና የኖራነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛ ነው) ከ8 በላይ ስለሆነ ከሲሚንቶ የሚወጣውን ጥቂት ኖራ ይችለዋል። የእኛ ውኃ ግን ጨው አልባ ነው። በዚያ ላይ ከተማችን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አየር መንፊያህ እየሠራ ነው?

የሽምብጡ፦ መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም። ገንዳው ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ስድስት የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩቶች አሉበት። ሲሚንቶው በሚገባ ደርቋል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውዬዋለሁ። እባካችሁ ማጣበቂያውን ንገሩኝ!

ታንኳ፦ ውኃውን ቀይር አልኩህ እኮ።

ግንበኛው፦ ማጣበቂያውን ተወው፤ ዓሣዎቹን አውጣ። ሲሚንቶ መድረቁና መብሰሉ አንድ አይደለም። በሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የደረቀ ልስን ኖራውን ገና አልጨረሰም፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ፒኤቹን እስከ 12 ሊያደርሰው ይችላል፤ ቆሮሶ ደግሞ ከ11 በላይ አይኖርም። በጀሪካን ያደረ ውኃ ካለህ ወደ ሳፋ ገልብጥ፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ ከባልዲ ወደ ባልዲ ደጋግመህ አፍስሰው፤ ከዚያ ዓሣዎቹን አዛውር። መብራት እስኪመጣ በጣሳ እየቀዳህ ከከፍታ መልሰህ አፍስስ፤ አየር የሚያገኙት በዚህ ነው።

የዘጌ ሰው፦ አንድ ኩባያ አቼቶ ብትጨምርበት ኖራውን ይሰብረዋል።

መምህሯ፦ ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ በፍጹም እንዳትጨምር! ፒኤቹ ከልክ በላይ ከወረደ የተረፈውንም ይገድለዋል። አቼቶ የሚጠቅመው ግድግዳው ከገንዳው ወጥቶ በርሜል ውስጥ ሲዘፈዘፍ ነው።

የሽምብጡ፦ ጎረቤቴ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ የፒኤች ወረቀት ሰጠኝ። ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ፒኤቹ በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው። አራቱን ሳፋ ውስጥ አስገብቻለሁ።

የዘጌ ሰው፦ እንኳን ደረስክላቸው። እኔ ግን የማይገባኝ ፎሙ ነው። ጥቁር ድንጋይ በሞላበት አገር የአለት መልክ ከፎም መፍለጥ ለምን አስፈለገ? ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ቀዳዳ ያለው ጥሩ ድንጋይ ሞልቷል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ አንተ ዓሣውን እንኳ ሳትጎረጉር ዘንዶውን ራስህ ገነባኸው!

ግንበኛው፦ ድንጋዩ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ሊትር የሚያህለው እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል። ተደራርቦ ሲናድ መስታወቱን ይሰብራል። ፎም ቀላል ስለሆነ ይመረጣል፤ ችግሩም እዚያው ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ያንተ ግድግዳ ከ22 ሊትር በላይ ነው፤ ውኃው 22 ኪሎ በሚሆን ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ሲሚንቶው ጥቂቱን ቢይዘውም የቀረውን የሚሸከመው ሲሊኮኑ ብቻ ነው። በእርጥብ ወይም በአቧራማ ገጽ ላይ ከቀባኸው አይሸከምም።

አሠራሩ ይህ ነው፤ ተራውን እንዳታዛባ። ግድግዳውን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፈህ በየሁለት ቀኑ ውኃውን ቀይር፤ ቢያንስ አራት ሳምንት። አዲስ ውኃ ከጨመርክበት ከአንድ ቀን በኋላ ፒኤቹ ከቧንቧው ውኃ እኩል ከሆነ ደርሷል። ከዚያ ገንዳውን አድርቀህ መስታወቱን በአልኮል ጥረግ፤ ገንዳውን በጀርባው አስተኝተህ ያልተለሰነውን የፎም ፊት በሲሊኮን ለጥፍ፤ ላዩ ላይ ክብደት ጫንበት። ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ያለበትን ሲሊኮን እንዳትገዛ። ከላይ በኩል ደግሞ ግድግዳው እንዳይነሳ ጠባብ የመስታወት ዘንግ አግድምበት፤ ዋናው እሱ ነው። ሲሊኮኑ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ውኃ ከዚያ በኋላ።

ታንኳ፦ የሳፋውንም ውኃ በየቀኑ በከፊል ቀይር፤ እዚያ ማጣሪያ ስለሌለ ከዓሣዎቹ የሚወጣው መርዝ፣ አሞኒያ፣ ይጠራቀማል።

መምህሯ፦ የሽምብጡ፣ በጎኑ የተጋደመው ተረፈ?

ፋሲሎ፦ ይቅርታ፣ እኔም እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ትናንት ለጥፌያለሁ። ሲሚንቶው አምስት ቀኑ ነው፤ ገና ውኃ አልሞላሁም። ላውጣው?

ግንበኛው፦ አውጣው።